ለአዋቂ አንባቢ ልቦለድ ሲመረጥ ሽልማት ብቻ ይበቃል ወይ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በየወሩ አንድ ቅዳሜ የምንገናኝ የአንድ አነስተኛ የንባብ ክበብ አባል ስሆን፣ ለመጪው ዓመት የምናነባቸውን ዐሥር ልቦለዶች የማሰባሰቡ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቋል። መልሶቹ ከሃያ ስላለፉና ዘግይተው የገቡ አባላት የነገሩን መነሻ ለማግኘት ስለተቸገሩ፣ የተባለውን ሁሉ ቁጥሩን ጠብቄ በራሴ አነጋገር እዚህ አሰፍራለሁ። የመላሾቹን ስም አላነሣም፤ አንዳንዶቹ በንዴት ጽፈው በማግስቱ ተጸጽተዋልና።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሐሳቤ አጭር ነበር። በዝርዝራችን የታወቀ ሽልማት ያገኘ፣ ወይም ቢያንስ ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ተርታ የደረሰ ልቦለድ ብቻ ይግባ አልኩ። ዓምና ገንዘብ አዋጥተን፣ በጀርባው ሽፋን በታተመው ውዳሴ ተማርከን፣ የአንድ መጽሐፍ ዐሥራ ሁለት ቅጂ ገዝተን ነበር፤ ከመካከላችን ሦስተኛውን ምዕራፍ ያለፉት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሽልማት ማለት ከእኛ በፊት አንድ አስተዋይ ሰው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቦታል ማለት ነው ብዬ ስላመንኩ፣ ከእንዲህ ያለው ኪሳራ ያድነናል የሚል ተስፋ ነበረኝ። ለአብነትም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ጠቀስኩ፤ ከበደ ሚካኤልን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንንና ሐዲስ ዓለማየሁን መርጦ የሸለመ ዳኛ አልተሳሳተምና፣ የዛሬዎቹም ዳኞች ሊታመኑ ይገባል ስል ደመደምኩ።

መልስ 1

በትሕትና የተጻፈ፣ ነገር ግን የቆምኩበትን መሬት ያናጋ እርማት ነበር። ከሰላ ድንጋይ የጻፉልን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር በመጀመሪያ ክበቡን መርቀው፣ የመንዝ ገርም ገብርኤል ተወላጅ የሆኑት የከበደ ሚካኤል ስም በመነሣቱ ደስ እንዳላቸው ገለጹ። ቀጥለው ግን ከጠራኋቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ በልቦለድ የታወቁ እንዳልሆኑ አስታወሱኝ። ከበደ ሚካኤል የሚታወቁት በግጥም፣ በተውኔትና በታሪክ መጻሕፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ገና በወጣትነቱ የተሸለመው ጸጋዬም ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ነው። ስለዚህ ልቦለድ ፈልጎ የሽልማት መዝገብ የሚከፍት አንባቢ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ እንደሚጠቀም፣ በዚያ ላይ ያ ሽልማት ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ጋር አብሮ ስለተቋረጠ፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ በዚህ መንገድ ማግኘት እንደማይቻል አስረዱ። እርማቱ ትክክል ነው፤ ሳልጠነቀቅ ጽፌ ነበር።

መልስ 2

በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ የመክፈቻውን ሐሳብ ደገፈች። በወር የምታነበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ስለሆነ፣ ያ አንዱ ባክኖ እንዲቀር አትፈልግም። ይህ የብዙዎቻችን ችግር ነው።

መልስ 3

የተወለደው ደብረ ብርሃን ሆኖ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ወንድማችን ዓለም አቀፎቹን ሽልማቶች ዘረዘረልን። ሜሮን ሀደሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአፍሪካውያን አጭር ልቦለድ የሚሰጠውንና 10,000 ፓውንድ የሚያስገኘውን የኬን ሽልማት ስትወስድ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት መሆኗን፣ መዓዛ መንግሥቴም በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች በጻፈችው ልቦለድ በ2020 ከቡከር ሽልማት የመጨረሻ ስድስት ዕጩዎች አንዷ እንደነበረች አስታውሶ፣ ሁለቱም በዝርዝሩ ይግቡ አለ።

መልስ 4

ከሞላሌ የጻፈች እህት የመዓዛን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ከጎኗ አድርጋ በአራት ወር እንደጨረሰችው ተረከች። ያስቸኮላት የልቦለዱ ዝና አልነበረም። ሴት አያቷ በጣልያን ዘመን በመንዝ ገደላ ገደል ለአርበኞች ስንቅና ጥይት ተሸክመው ይወጡ ነበርና፣ በልጅነቷ ምድጃ ዳር የሰማችውን ነገር ሌላ ሴት እንዴት እንዳየችው ለማወቅ ፈልጋ ነው። መጽሐፉን ከጨረሰች በኋላ ግን ለእናቷ ልታነብላቸው እንዳልቻለች ጻፈች፤ እናቷ እንግሊዝኛ አያውቁም። ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የቀረው ክርክር ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ 5

ድምፁ የጠነከረው እዚህ ላይ ነው። የደብረ ሲና ተወላጅ መሆኑን የገለጸ ሰው፣ ቡከር በእንግሊዝኛ ተጽፎ በብሪታኒያ ወይም በአየርላንድ የታተመ ልቦለድ ብቻ የሚወዳደርበት፣ የኬን ሽልማትም በእንግሊዝኛ የታተመ አጭር ልቦለድ የሚቀርብበት ስለሆነ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከነዚህ ዳኞች ፊት በራሱ ቋንቋ ሊቆም እንደማይችል በቁጣ ጻፈ። በሁለቱ ጸሐፊዎች ላይ አንዳች ነቀፌታ እንደሌለው ደጋግሞ ገልጿል። የሚያስቆጣው እኛ የውድድሩን ደንብ ሳንመረምር የውድድሩን ውጤት የጥራት ሁሉ ሚዛን ማድረጋችን ነው። ከዚያም የራሱን አገር ሰው ምስክር ጠራ። ዳኛቸው ወርቁ ደብረ ሲና ተወልዶ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን በአማርኛ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፈው፣ አንድ የታመመ መኳንንት ወደ ዝቋላ የሚያደርገውን ጉዞ የሚተርክ ልቦለድ በሎንዶኑ ሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ወጣለት። ጸሐፊው አንድ ነው፤ የውጭው አንባቢ ግን የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። እኛም ሽልማትን ብቻ ከተከተልን ከሁለቱ አንዱንም አናገኝም አለ።

መልስ 6

ለቁጣው ትዕግሥት የተሞላበት መልስ የሰጠ ሰው ሌላ ሽልማት እንዳለ አመለከተ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉ ቡከር በየዓመቱ ለአንድ ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ሥራ ይሰጣል፤ 50,000 ፓውንዱም ለደራሲውና ለተርጓሚው እኩል ይከፈላል። በ2022 ከሂንዲ የተተረጎመ ልቦለድ፣ በ2025 ደግሞ በደቡብ ሕንድ ከሚነገረው ከካነዳ (Kannada) ቋንቋ የተተረጎመ የአጫጭር ልቦለዶች መድብል አሸንፈዋል። ስለዚህ በሩ የተዘጋብን በቋንቋችን ምክንያት ሳይሆን ተርጓሚ በማጣታችን ነው የሚል ነበር መደምደሚያው።

መልስ 7

ይህችን ሐሳብ ሌላ መላሽ በማስረጃ ደገፋት። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲውም በማግስቱ ዓመት የደረሰበት ጠፋ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ሽልማት ሊሰጥ የሚደፍር ዳኛ ከየት ይመጣ ነበር ሲል ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም የምመልሰው አላገኘሁም።

መልስ 8

ከሸዋ ሮቢት የጻፉት አባት ወደ ሌላ ነገር ወሰዱን፤ እንዲያም ሆኖ ከጉዳዩ የራቁ አልመሰለኝም። ተማሪ ሳሉ ልቦለድ የሚያከራይ አንድ ሱቅ ነበርና፣ መጽሐፉ በሌሊት ሒሳብ እየተከፈለበት ስለሚወሰድ በኩራዝ ብርሃን ሲያነቡ አድረው ጠዋት ይመልሱ ነበር። ባለሱቁ አዲስ የመጣውን መጽሐፍ አያስተዋውቅም፤ ሰው የሚመርጠው ጠርዙ የተበላውን፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በካርቶን የተሰፋውን ነበር። ለእሳቸው ሽልማት ማለት ያ የካርቶን ሽፋን ነው።

መልስ 9 አጭርና ኃይለኛ ነው። ብዙ እጅ የነካው ሁሉ ጥሩ ሥራ አለመሆኑን፣ የወንጀልና የስለላ ልቦለዶችም በኪራይ ብዛት ይበላሹ እንደነበር የጠቀሰ ወጣት፣ አባትን «አንተ» ብሎ ጻፈ። መልስ 10 የተጻፈው ለዚህች ቃል ነው፤ በዕድሜ አባቱ የሚሆን ሰው እንዲህ አይጠራም ተብሎ ተገሠጸ፣ ወዲያውም ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ። ይሁንና የወጣቱ ክርክር በአጠራሩ ስሕተት ምክንያት ሳይመረመር መታለፉ አሳዝኖኛል። እሳቸው ራሳቸው በመልስ 11 ተመልሰው የተናገረው እውነት እንዳለበት አመኑ፤ ያን ጊዜ ካደሩባቸው መጻሕፍት ዛሬ ስማቸውን የሚያስታውሱት ጥቂቱን ነው፤ የሚያስታውሷቸውም ደግመው ያነበቧቸውን ነው።

መልስ 12

ከመሐል ሜዳ የጻፈ ሰው ለአዋቂ የሚለውን ቃል በሌላ መንገድ ተረድቶት ኖሮ፣ ክበባችን ነውረኛ ጽሑፍ ሊያሰራጭ ነው ብሎ ከሰሰን። ቃላቱ ከባድ ስለነበሩ ጥቂቶቹን አልደግማቸውም።

መልስ 13

የሦስት ልጆች እናት የሆነች የክበባችን አባል ለዚህ ክስ የሰጠችው መልስ ከክሩ ሁሉ የላቀው ነው። ለአዋቂ የሚሆን ልቦለድ በእሷ አስተያየት ከሠርጉ በኋላ ያለውን ትዳር፣ በመሬት የተነሣ የተቋረጠ ዝምድናን፣ ዕዳን፣ የወላጅን እርጅናና ያልወጣ ሐዘንን ሳይሸሽ የሚያይ ነው። ማስረጃዋም በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ስታነበው ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ብቻ ነበሩ የታይዋት፤ ሁለቱ የማይገናኙባቸውን ምዕራፎች እየዘለለች አልፋለች። በአርባ ዓመቷ ስትመለስበት ግን የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ቤታቸውን እንዴት እንደሚያፈርሰው፣ ጉዱ ካሣም እውነቱን እየተናገረ ብቻውን መቅረቱ ልቧን ሰበረው። የዘለለቻቸው ገጾች ለእሷ የተጻፉት ገጾች ሆነው ተገኙ። አንባቢው ነው እንጂ የተለወጠው፣ መጽሐፉ እዚያው ነበር። እንግዲህ አንድ መጽሐፍ ለአዋቂ የሚሆነው የተከለከለ ነገር ስላለበት ሳይሆን፣ ሰው ኖሮ ካልደረሰበት በቀር የማይታየው ነገር ስላለው ነው።

መልስ 14 እና 15

የመሐል ሜዳው ሰው በ14 ክሱን አነሣ፤ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለምና አከብረዋለሁ። በ15 ደግሞ አንድ አረጋዊ ወጋየሁ ንጋቱ ያንኑ ልቦለድ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮ ካለው ሰው ቤት ይሰበሰብ እንደነበር አስታወሱ። ማንበብ የማይችሉ ሰዎችም የልቦለድ ዳኞች ነበሩ አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ወጋየሁ ድምፅ፣ ቀጥሎም ስለ ሬዲዮ ባትሪ ዋጋ ብዙ ተጻፈ፤ አልፌዋለሁ።

መልስ 16

ወደ «አደፍርስ» የመለሰችን በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። መጽሐፉ በራሳችን አገር፣ በደብረ ሲና አካባቢ የሚፈጸም ታሪክ ሆኖ ሳለ ከመደርደሪያዋ የሚያወርደው ሰው በዓመት በጣት የሚቆጠር ነው። የሚጀምሩት ሰዎች ከባድ ነው ብለው ይመልሱታል፤ እሷም ከባድ አይደለም ብላ አትከራከርም። ድርጊቱ ይዘገያል፣ ንግግሩ ይረዝማል፣ የተማረው ወጣት አደፍርስ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ይሟገታል፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩም ገጹን ይሞላዋል። ለመጀመሪያ አንባቢ የምትመክረው እንደ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ቀጥሎ ምን ይመጣል እያለ እንዳይቸኩል ነው፤ ሽምግልና ላይ ወይም ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሽማግሌዎችን ወግ እንደሚሰማ ሰው፣ ማን ምን ብሎ በማን ላይ እንደተረተ ቢያደምጥ፣ ቢቻልም ሁለት ሆነው ጮክ ብለው ቢያነቡት፣ ሰው ሁሉ ከነድምፁ ይመጣል። የገጸ ባሕርዩ ስም ራሱ መንገድ ይመራል፤ ካልደፈረሰ አይጠራም ይባላልና፣ ደራሲው ውኃውን የሚያደፈርሰው ሆን ብሎ ነው።

ይህን እንዳነበብኩ ከመደርደሪያዬ ለዓመታት ሳልከፍተው የኖርኩትን ቅጂ አውርጄ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ከባለቤቴ ጋር እየተቀባበልን ጮክ ብለን አነበብን። ሠራተኛዋ ያለችው እውነት ነው። ዐይኔ የዘለለውን ጆሮዬ ያዘው።

መልስ 17

ይህ ደግሞ ክፉኛ ቆረጠን። ደብረ ሲና ስለተወለደ ብቻ ዳኛቸውን፣ መንዝ ስለተወለዱ ብቻ ከበደን፣ መርሐ ቤቴ ስለሆኑም ነገ ብላቴን ጌታ ኅሩይን የምንመርጥ ከሆነ፣ የሽልማትን ዳኛ ጥለን የመንደርን ዳኛ ሾምን ማለት ነው አለ። ጎጃሜው ሐዲስና ኢሉባቦሬው በዓሉ በየትኛው ወንበር ይቀመጣሉ ሲልም ጠየቀ። የደብረ ሲናው ሰው በ18 መልስ ሲሰጥ ንዴቱን መደበቅ አልቻለም። ሆኖም ዋናው ነጥቡ ሊጤን ይገባዋል፤ ለአገር ሰው ማድላትን አልጠየቀም፤ የጠየቀው የደጃፋችንን አቀበት የሚያውቅ መጽሐፍ ሳይከፈት እንዳይፈረድበት ነው። ሁለቱም የያዙት ፍርሃት እውነተኛ ስለሆነ አልታረቁም፤ እኔም ላስታርቃቸው አልሞከርኩም።

መልስ 19

የሰላ ድንጋዩ መምህር ተመልሰው፣ ትልልቆቹ ሽልማቶች ራሳቸው ስንት ጊዜ ዐይናቸው እያየ እንዳለፉት አስታወሱን። የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1901 ሲጀመር ቶልስቶይ በሕይወት ነበር፤ የመጀመሪያው ሽልማት ግን ለፈረንሳዊው ባለቅኔ ሱሊ ፕሩዶም ተሰጠ፣ ቶልስቶይም በ1910 ሳይሸለም ሞተ። ዛሬ ከሁለቱ ማን እንደሚነበብ መናገር አያስፈልግም። አፍሪካውያንም ወሌ ሾይንካ በ1986 እስኪሸለም ድረስ ሰማንያ አምስት ዓመት ጠብቀዋል። መምህሩ ግን ሽልማት ከንቱ ነው አላሉም። በዐረብኛ የጻፈው ግብፃዊው ናጊብ ማሕፉዝ በ1988 ባይሸለም ኖሮ የካይሮን ሰፈሮች እሳቸው ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሊያውቋቸው አይችሉም ነበርና።

መልስ 20

ናይሮቢ የሚኖር የአገራችን ልጅ ብዙዎቻችን ያልሰማነውን ነገር ነገረን። ለስዋሂሊ ቋንቋ ብቻ የሚሰጥ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በ2014 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ያልታተሙ ረቂቆችን ጭምር ይቀበላል፤ ወጪውን ከሸፈኑት መካከል ዋነኛው የኬንያ የጣሪያ ቆርቆሮ ፋብሪካ ነው። ደብረ ብርሃን ዛሬ ፋብሪካ የሞላባት ከተማ ሆና ሳለ፣ ከብርድ ልብሱና ከቢራው ትርፍ ለአንድ የአማርኛ ልቦለድ የሚተርፍ አይጠፋም የሚል ሐሳብ አቀረበ። እንደ ሆሄ ያሉ የአገር ውስጥ ሽልማቶች የጀመሩትንም አመስግኗል፤ የሚፈልገው ተጨማሪ ነው፤ ረቂቁን አሳታሚ ያላየለት የገጠር መምህር የሚወዳደርበት። ይህ ሐሳብ ከክራችን ወጥቶ የከተማውን ባለሀብቶች ጆሮ ቢያገኝ እመኛለሁ።

መልስ 21

ነርሷ ተመለሰች። ክርክሩን ሁሉ እንዳነበበች፣ ነገር ግን አሁንም በወር አንድ መጽሐፍ ብቻ እንደምታነብ አስታውሳ፣ ለእሷ የሚጠቅማት የሽልማት ስምም ሆነ የትውልድ አገር እንዳልሆነ ጻፈች። መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው በየትኛው ገጽ ላይ ቆሞ እንዳሰበ፣ የትኛውም ክፍል እንዳሰለቸው ሳይደብቅ ይንገራት፤ የቀረውን ራሷ ትወስናለች። ሽልማት የሚሰጡ ዳኞች ብይናቸውን ያሳውቃሉ እንጂ የት ላይ እንደደከሙ አይነግሩንም፤ ጎረቤት ግን ይነግረናል። በዚህ የመክፈቻ ሐሳቤን ትቻለሁ። ሽልማት መጽሐፍን ወደ ጠረጴዛችን ያቀርብ፣ ከጠረጴዛው ላይ ግን የሚያነሣው ያነበበው ሰው ምስክርነት ይሁን።

መልስ 22 እና 23

የደብረ ሲናው ሰው በ22 የ«አደፍርስ» ሁለት ቅጂ እንዳለው፣ ሐሙስ በሚወጣው አውቶቡስ የጣርማ በርን አቀበት አሻግሮ ሊልክልን ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። 23 የእኔ ነው። የቤተ መጻሕፍቷን አንድ፣ የእኔን አንድ ጨምረን አራት ቅጂ ስለሚሆን ለዐሥራ ሁለት ሰው በሦስት በሦስት እንድንካፈለው፣ የመጀመሪያውን ሃምሳ ገጽ ጮክ ብለን እንድንጀምረው አሳስቤአለሁ። ከዐሥሩ ቦታ አራቱ ተይዘዋል፤ «አደፍርስ»፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለድጋሚ ንባብ፣ «ኦሮማይ»፣ እንዲሁም የመዓዛ ልቦለድ፤ ይህንኛውን የሞላሌዋ እህታችን እናቷ በተገኙበት ምዕራፍ በምዕራፍ በአማርኛ ልትተርክልን ቃል ገብታለች። ለቀሩት ስድስት ቦታዎች የምትጠቁሙ ሁሉ የቆማችሁበትን ገጽና ያሰለቻችሁን ክፍል አብራችሁ ጻፉ። አውቶቡሱን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ቆሜ እቀበላለሁ።